የአባቴ ሕመም ወደ ሕግ ትምህርት እየመራኝ ነው፤ ልክ ነኝ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። በጎንደር ከተማ የምኖር የ12ኛ ክፍል የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። አባቴ የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ከታወቀ 11 ዓመት ሆኖታል። መርፌ አያያዝ የተማርኩት 4ኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ ዛሬም ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት የኢንሱሊኑን መጠን አይቼ የምወጋቸው፣ የቀጠሯቸው ቀን ሲደርስ ካርዳቸውን ይዤ ወረፋ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ፍሪጅ ስለሌለን መድኃኒቱን የምናስቀምጠው እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረች ትንሽ ማሰሮ ነው።

አባቴ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ ለ14 ዓመታት በመጋዘን ሠራተኛነት አገልግለዋል። ባለፈው ኅዳር 2 ቀን እግራቸው ላይ በወጣ ቁስል ምክንያት ሆስፒታል ተኙ። እናቴ የሐኪሙን ማስረጃ ይዛ ወደ ድርጅቱ ብትሄድም ጥበቃው ወረቀቱን ተቀብሎ "አደርሳለሁ" ከማለት በቀር ከኃላፊዎቹ ጋር አላገናኛትም። ታኅሣሥ 8 ቀን "ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታዎ ስለቀሩ የሥራ ውልዎ ተቋርጧል" የሚል ደብዳቤ አልጋቸው ድረስ መጣ። አባቴ ፈርመው ተቀበሉት፣ አነበቡት፣ አጣጥፈውም ትራሳቸው ሥር አደረጉትና "የታመመ ሰው ለሥራ አይሆንም፤ እውነታቸውን ነው" አሉ። በየካቲት እንደገና ተኝተው ሁለት የእግር ጣቶቻቸው ተቆረጡ፤ ከሆስፒታል የወጡት ሚያዝያ 14 ቀን ነው።

በመጋቢት ወር የሠፈራችን ልጅ የሆነ የሕግ ተማሪ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን አዋሰኝ። ስለ ሕመም ፈቃድ የሚናገሩትን አንቀጾች ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ። የተቆጨሁት ድርጅቱ ባደረገው ብቻ አይደለም፤ አባቴ "እውነታቸውን ነው" ያሉበትን ቃል የሚያፈርስ ሕግ ከተጻፈ ዓመታት አልፎት እኛ ቤት ሳይደርስ በመቅረቱም ጭምር እንጂ። ከዚያ ወዲህ ሕግ ካላጠናሁ ብዬ ወስኛለሁ። አጎቴ ግን "ለታመመ አባት የምትጠቅመው ሐኪም የሆነች ልጅ ናት፤ የተፈጥሮ ሳይንስ መምረጥ ነበረብሽ" እያለ ይወቅሰኛል፤ እናቴም "ጠበቃ የሚኖረው ሲዋሽ ነው" ትለኛለች። በቁጣ ተነሥቶ ሙያ መምረጥ ስሕተት ነውን? ርቄ ብመደብስ አባቴን ማን ይይዝልኛል? ይህን ደብዳቤ መጻፌን እሳቸው አያውቁም።

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ደብዳቤሽ የደረሰን ሚያዝያ 18 ቀን ነው። ስለ ትምህርትሽ ከመነጋገራችን በፊት የአባትሽ ጉዳይ ቀን የሚቆጠርበት ሆኖ ስላገኘነው መጽሔቱ እስኪታተም ሳንጠብቅ በተውሽልን ስልክ ደውለን የሚቻለውን ነግረንሻል። ያንኑ እዚህ የምንደግመው በተመሳሳይ ችግር ውስጥ ያሉ ሌሎች አንባብያን ስለሚኖሩና ለዋናው ጥያቄሽ የምንሰጠው መልስም ከዚሁ ስለሚነሣ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 85 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራ በመጣ ጉዳት ባልሆነ ሕመም ምክንያት መሥራት ሲያቅተው የሕመም ፈቃድ ያገኛል፤ የፈቃዱም ርዝመት ሕመሙ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ፣ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ተደምሮ፣ እስከ 6 ወር ይደርሳል። አንቀጽ 86 ክፍያውን ይወስናል፤ የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት የደመወዙ 50 በመቶ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ደግሞ ያለ ክፍያ ናቸው። አባትሽ ከተኙበት ከኅዳር 2 ጀምረን ስንቆጥር የስንብቱ ደብዳቤ የመጣው በ37ኛው ቀን ነው። ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት ወር አልቆ ግማሽ የሚከፈልበት ጊዜ ገና መግባቱ ነበር ማለት ነው። በሕክምና ማስረጃ ተደግፎ አልጋ ላይ የተኛ ሰው "ያለ ፈቃድ ቀረ" ሊባል የሚችለው በምን ሂሳብ እንደሆነ ድርጅቱ ማስረዳት ይኖርበታል። ነገር ግን ሕጉ ሠራተኛው መታመሙን በማግስቱ ለአሠሪው እንዲያስታውቅ፣ አሠሪው ሊያውቅ በሚችልበት ወይም ማስታወቅ በማይቻልበት ሁኔታ ካልሆነ በቀር፣ ግዴታ ስለሚጥልበት ክርክሩ ምናልባት የሚያርፈው እናትሽ ለጥበቃው በሰጠችው ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱን የሰጠችበትን ቀንና ሰዓት፣ አብሯት የነበረ ሰው ካለም ስሙን፣ ዛሬውኑ ጻፉት።

ሁለተኛው ጉዳይ ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ ነው። ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ "ወደ ሥራዬ ልመለስ" ብሎ ክስ ማቅረብ የሚችለው ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ነው፤ ከውሉ መቋረጥ የሚመነጩ የክፍያ ጥያቄዎች ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረቡ ይታገዳሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው በር መጋቢት 8 ተዘግቶ የሁለተኛው እስከ ሰኔ 8 ክፍት ነበር። ሆኖም አዋጁ ክሱ የዘገየው ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት መሆኑ ሲረጋገጥ፣ ምክንያቱ በተወገደ በ10 ቀናት ውስጥ የቀረበን ክስ ፍርድ ቤት ሊቀበል እንደሚችል ይደነግጋል፤ በምክንያትነት ከሚዘረዝራቸውም አንዱ የሠራተኛው ሕመም ነው። አባትሽ ሚያዝያ 14 ቀን ከሆስፒታል ስለወጡ "እስከ ሚያዝያ 24 ድረስ አመልክቱ" ያልንሽ በዚህ ምክንያት ነው። ሕጉ ለታመመ ሰው መንገድ ያበጀለት መሆኑን ስነግርሽ በስልኩ ውስጥ ዝም ያልሽውን ዝምታ አልረሳውም። ክሱ ሚያዝያ 22 ቀን መግባቱን ነግረሽናል፤ ቀሪውን ችሎቱ ይወስናል። የሥራ ክርክር ክስ የዳኝነት ክፍያ እንደማይጠየቅበትም ሌሎች አንባብያን ይወቁልን፤ ብዙ ሰው መብቱን የሚተወው የማይከፍለውን ገንዘብ ፈርቶ ነው።

ስለ ገንዘቡ ከተነሣ አንድ ስሌት ላሳይሽ። የሥራ ስንብት ክፍያ የሚገባው ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ ለሚጨምረው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ የዚያን አንድ ሦስተኛ ያገኛል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። 14 ዓመት ያገለገለ ሰው እንግዲህ 30 ቀን፣ በዚያም ላይ 13 ጊዜ 10 ቀን፣ በድምሩ የ160 ቀን ደመወዝ ይደርሰዋል። አባትሽ ትራሳቸው ሥር ያስቀመጡት ወረቀት ይህን ያህል ነገር የሚያስነሣ ነበር።

አሁን ወደ ትምህርትሽ ልመለስ። አጎትሽን አልወቅሳቸውም። ጎንደር በ1945 ዓ.ም በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የተከፈተባት ከተማ ናት፤ ነጭ ጋወን የለበሰ ልጅ የቤተሰብ ኩራት ሆኖ የኖረው ከዚያ ዘመን ጀምሮ ስለሆነ ለጎንደር ሰው የሙያ ሁሉ አናት ሕክምና ቢመስለው አያስደንቅም። ነገር ግን የአባትሽን ሥቃይ ለሁለት ከፍለሽ ተመልከቺው። ስኳሩ ነርቭን እያደነዘዘ፣ ወደ እግር የሚወርደውን ደም እያሳነሰ፣ ጠጠር ሲወጋቸው እንዳይሰማቸው አድርጎ ቁስሉን አመጣ፤ ይህ የሐኪም ድርሻ ነው፤ ሐኪሞቹም ሠርተውበታል። የታኅሣሡ ደብዳቤ ግን ከደማቸው ውስጥ አልመጣም። ሰው ወስኖ፣ ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ የላከው ነው፤ ምንም ያህል ኢንሱሊን ቢወጉ አይለቅም። ዘላቂ ሕመም ያለበት ሰው ከሆስፒታሉ በር ሲወጣ የሚጠብቁት አሠሪው፣ የቤት ኪራዩ፣ ዕዳውና ውርሱ ሲሆኑ እዚያ የሚቆምለት ሰው ያስፈልገዋል። አንቺ ሌሊቱን ሙሉ ስታነቢ ያደርሽው ይህን ሁለተኛውን ክፍል ነው። ጥሪ የሚባል ነገር ካለ ምልክቱ ይኸው ይመስለኛል።

የእኔም ነገር ከዚህ አይርቅም። እናቴ በልጅነቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያመማት የነበረ ሲሆን ያ ሕመም ልቧን ነክቶት ስለነበር በየ4 ሳምንቱ መርፌ ትወጋ ነበር። አያቴ ሲሞቱ ወንድሞቿ ቤቱን ለመካፈል ተሰበሰቡ፤ ለእርሷ ግን የመደቡላት ድርሻ አልነበረም፤ "ጤና ለሌላት ሴት ቤት ምን ያደርግላታል?" ተባለ። እናቴ ደረጃ ስትወጣ እንኳ ሁለት ጊዜ የምታርፍ ሰው ነበረች። ያን ዕለት ግን ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ብድግ ብላ "በሕግ አምላክ!" አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ትንፋሿም አልበቃት። ሁሉም ዝም አለ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ያ ቃል የታመመችን ሴት ከአምስት ጤነኛ ወንዶች እኩል ሲያቆማት በዓይኔ አየሁ። ወላጁን የሚወርስ ልጅ ሁሉ እኩል ድርሻ እንዳለው የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 842 እንደሚደነግግ ያወቅኩት ከብዙ ዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ልነግርሽ የሚገባኝ ሌላም ነገር አለ፤ እናቴ ያረፈችው አራተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው፤ የውርሱ ክርክር ያለቀው ከዚያ በኋላ ነበር። የተማርኩላት ሰው የተማርኩበትን ሳታየው ቀረች። ለእርሷ ብቻ ብዬ ጀምሬው ቢሆን ኖሮ ያን ዓመት አቋርጬው ነበር። ያስቀጠለኝ ትምህርቱን ራሱን መውደዴ ነው።

ስለዚህ "በቁጣ መነሣት ስሕተት ነውን?" ለሚለው ጥያቄሽ መልሴ፣ መነሣቱ ስሕተት አይደለም፤ አምስት ዓመት ሙሉ ለመጓዝ ግን ቁጣ አይበቃም የሚል ነው። የሕግ ትምህርት ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ የሚያስገድድሽ የሌላውን ወገን ክርክር አንቺው ራስሽ በሚገባ እንድታቀርቢ ነው። በምስለ ችሎት የአሠሪው ጠበቃ ሆነሽ ቁሚ ልትባዪ ትችያለሽ። ከተመረቅሽም በኋላ ጥፋቱ የራሱ የሆነ ሠራተኛ፣ ወይም ሕጉን ባለማወቅ እንጂ በክፋት ያልተሳሳተ አሠሪ ፊትሽ ይቀርባል። ያን ጊዜ ሁሉንም አሠሪ በአባትሽ አሠሪ መልክ የምታዪ ከሆነ ለደንበኛሽም ለፍርድ ቤቱም አትጠቅሚም። ይህን የምልሽ ቁጣሽ እንዲጠፋ ፈልጌ አይደለም፤ ቦታውን እንዲያውቅ እንጂ።

በአንጻሩ አንቺ የማታስተውዪው ስንቅ አለሽ። አባትሽ ጠዋት ጠዋት የሚለኩትን የደም ስኳር የምትመዘግቢ ከሆነ፣ አንድ ቀን 240 መገኘቱ ብቻውን ብዙ እንደማይናገር፣ የሦስት ወር መዝገብ ግን እንደሚናገር ታውቂያለሽ። የማስረጃ ሕግ መምህር ይህንኑ ለማስረዳት ብዙ ሰዓት ይፈጅበታል። ስኳራቸው ወርዶ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ላብ እያጠመቃቸው "ደህና ነኝ" የሚሉሽን አባት ማመን እንደሌለብሽ ለምደሻል፤ ነገ ቢሮሽ የሚመጣው ደንበኛም ዋናውን ነገር ደብቆ "ምንም አይደለም" የሚል ሰው ነው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይባላል፤ ዘላቂ ሕመም ያለበት ሠራተኛ ግን ሕመሙን የሚደብቀው አባትሽ ትራሳቸው ሥር ያደረጉትን ዓይነት ደብዳቤ ፈርቶ ነው። ይህን ፍርሃት ከውስጥ የሚያውቅ የሕግ ባለሙያ ጥያቄውን የሚጠይቅበት መንገድ ሌላ ነው። ካርድ መያዝ፣ ቀጠሮ አለማሳለፍ፣ ሐኪሙ ያልገባሽን ሲናገር ደግመሽ መጠየቅ፣ ሰዓታት ተሰልፎ መጠበቅ፣ እነዚህን ሁሉ ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ ተምረሻቸዋል።

ስለ እናትሽ ሥጋት ደግሞ ይህን እላለሁ። የሚዋሽ ጠበቃ የለም አልልም፤ አለ። ነገር ግን ፍርድ ቤት የሚያስረታው የወረቀትና የቀን ነገር ነው፤ ውሸት ብዙ ጊዜ በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈርሳል። እናትሽ ራሷ ወረቀቱን ይዛ ድርጅቱ በር ላይ ስትቆም የሠራችው ሥራ የሕግ ሰው ሥራ እንደነበር ንገሪያት፤ አንድም ውሸት አልነበረበትም። ጠበቆች አቅም ለሌለው ሰው ነፃ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው በጥብቅና ሕጋችን የታወቀ ነው፤ በ1992 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል ጠበቆች ደንብ ቁጥር 57 ይህን በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ብሎ በቁጥር አስቀምጦት ነበር። ከተማችሁ ውስጥም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ እናትሽን ይዘሻት ብትሄጂ፣ ተቀምጣ ባለጉዳዮቹን ብታይ፣ ከእኔ ጽሑፍ የበለጠ ያስረዳታል።

ትምህርቱ በአብዛኛው አምስት ዓመት ይወስዳል፤ የሚሰጠውም በእንግሊዝኛ ነው። በእኛ ክልል ግን ክርክሩ በአማርኛ ስለሆነ ተማሪው ሁለት ቋንቋ በእኩል መያዝ ይኖርበታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 3,367 አንቀጾች አሉት፤ ረቂቁ በፈረንሳይኛ የተዘጋጀ ቢሆንም ገዢው ቅጂ የአማርኛው ነው፤ ስለዚህ ከአሁኑ ጀምረሽ በአማርኛ ማንበብሽን አትተዪ። የሕግ ተማሪዎች የመውጫ ፈተናም የሚጠብቃቸው መሆኑን እወቂ። ከአባትሽ ጉዳይ ጋር የሚቀራረቡት የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ፣ የውልና ከውል ውጭ ኃላፊነት፣ የማኅበራዊ ዋስትናና የአካል ጉዳተኞች መብት ናቸው። ጣቶቻቸውን ያጡ አባትሽ ነገ ሌላ ሥራ ቢያገኙ በ2000 ዓ.ም የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 568 አሠሪው የሥራውን ሁኔታ እንዲያመቻችላቸው የሚጠይቁበትን መሠረት ሊሰጣቸው ይችላል። የሕክምና ስሕተትን፣ የሆስፒታልና የታካሚን ውል የሚመለከቱ ድንጋጌዎችም በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውስጥ አሉ፤ በዚህ መስክ ጠልቆ የገባ ባለሙያ ያስፈልገናል።

አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ እወቂ፤ ሕጉ የማይደርስበት ቦታ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤናና ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድዳል፤ አንቀጽ 90 ግን "የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን" ይላል። በዚያ ሐረግ ምክንያት ተከራክረሽ የማታሸንፊባቸው ቀናት ይኖራሉ። መድኃኒት ቤቱ ኢንሱሊን ሲያልቅበት ክስ ቢመሠረት ለዚያ ዕለት ምሽት አይደርስም። ይህን ሳታውቂ ብትገቢ ያሳዝንሽ ነበር ብዬ ነው የምነግርሽ።

ሶንያ ሶቶማዮር የሚባሉ አሜሪካዊት ዳኛ አሉ። በ7 ዓመታቸው የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ታወቀ፤ 9 ዓመት ሲሆናቸው አባታቸው ሞቱ። መርማሪ ፖሊስ መሆን ይመኙ ነበር፤ ሕመሙ ያንን እንደማይፈቅድላቸው ሲነገራቸው ፊታቸውን ወደ ሕግ አዞሩ፤ በጎርጎርዮሳዊው 2009 የሀገራቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ተሾሙ። እሳቸውን የማነሣው እንደ እሳቸው ሁኚ ለማለት አይደለም። መርፌና ኢንሱሊን ያለበት ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ ከዚያ ቤት ይዞት የሚወጣው ነገር ድካም ብቻ አለመሆኑን አጎትሽ እንዲሰሙት ብዬ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄሽ፤ ርቀሽ ብትመደቢ ማን ይይዛቸዋል? ጎንደር ከደረሰሽ መልካም ነው፤ ባሕር ዳርም 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለበዓል ደርሶ መመለስ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ምርጫው ያማል። እኔ የምመክርሽ ከፈተናው በፊት ባሉት ሳምንታት የምታውቂውን ሁሉ ለቤተሰቡ ማስተላለፍ እንድትጀምሪ ነው። የመርፌውን መጠን፣ የቀጠሮውን ቀን፣ ስኳር ሲወርድ የሚደረገውን፣ እግር ማታ ማታ እንዴት እንደሚታይ፣ አሸዋው ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚርስ በደብተር ጻፊው። እናትሽ ይህን መቻል አለባት፤ አባትሽም ራሳቸው መቻል አለባቸው። ለዓመታት አንቺ ስለምትወጊያቸው ይሆናል መርፌውን ያልተለማመዱት፤ አዋቂ ሰው ናቸው፤ ይችሉታል። ከመደበኛ ቅጥር ስለወጡ ደግሞ ቤተሰቡ በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መታቀፍ ይችል እንደሆነ ቀበሌያችሁን ጠይቁ። መድኑ በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት አንዷ ፎገራ ነበረች፤ ለእናንተ ሩቅ ነገር አይደለም።

የመጨረሻው ነገር ደብዳቤውን መጻፍሽን አባትሽ አለማወቃቸው ነው። ክሱ የእሳቸው ስለሆነ እስከ አሁን እንደነገርሻቸው እገምታለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ግን ምናልባት አልነገርሻቸው ይሆናል። ንገሪያቸው። በዩኒቨርሲቲ ማመልከቻም ሆነ በሌላ ቦታ ታሪካቸውን የምትጽፊው እሳቸው ሲፈቅዱ ብቻ ይሁን፤ የታመመ ሰው ከጤናው ቀጥሎ የሚነጠቀው የራሱን ነገር ራሱ የመናገር መብቱን ነውና። እኔ በእናቴ ላይ ይህን ስሕተት ሠርቻለሁ፤ ክፍል ውስጥ እንደ ምሳሌ አነሣኋት፣ ጓደኛዬ ነገራት፣ ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። "እውነታቸውን ነው" ያሉት አባትሽ አሁን አንቀጽ 85ን ሲሰሙ ምን እንዳሉ ብትጽፊልን ደስ ይለናል።

ጥያቄ፦ አዘዞ የምኖር እናት ነኝ። አስም ካለብኝ 20 ዓመት ሆኖታል፤ ክረምት ሲገባ እየባሰብኝ ብዙ ሌሊት ተቀምጬ አድራለሁ። ልጄ የሕግ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ለሰው ሁሉ "ሕግ የምማረው ለእናቴ ብዬ ነው" ይላል። ሰው ይመርቀኛል፤ እኔ ግን ሲናገረው ይጨንቀኛል። ሕመሜ የልጄን ወጣትነት የበላው ይመስለኛል። ልከለክለው ይገባኛል?

መልስ፦ እናታችን፣ አይከልክሉት፤ ሦስት ዓመት የቆየ ልጅ ትምህርቱን የያዘው በእርስዎ ምክንያት ብቻ አይሆንም። ጭንቀትዎ ግን እውነት አለው። የቤተሰብ ሕግ ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይናገራል፤ ቀለብ ሲልም ምግብን፣ መጠለያን፣ ልብስንና ሕክምናን ነው። ልጁ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን በወላጁ ሕመም እንዲወሰን አይጠይቅም። ልጅዎ የሕግ ተማሪ ስለሆነ ይህን ቢያነሡለት በደንብ ይገባዋል።

ሲመጣ "ለምን ተማርክ?" አይበሉት፤ መልሱን ያውቁታል። ይልቁንስ ከሚማራቸው ትምህርቶች የትኛውን እንደሚወድ፣ የትኛው መምህር እንደሚያናድደው፣ መጨረሻ የተከራከረው ስለ ምን እንደሆነ ይጠይቁት። እናቴ በሕይወት ሳለች አንድ ጊዜ ስለ ወንጀል ሕግ ፈተናዬ ጠይቃኝ እስከ እኩለ ሌሊት አወራኋት፤ ስለ ልቧ ያላነሣንበት ምሽት ያ ብቻ ይመስለኛል፤ ሁለታችንም ሳቅን። ልጅዎ መልሱን አጥቶ ዝም ቢልዎ ያን ጊዜ ሊያሳስብዎ ይችላል፤ ቁጭ ብለው ይነጋገሩበት።

ሌላው፣ ክረምቱ ሳይገባ ለሐኪምዎ የሌሊቱን ነገር በዝርዝር ይንገሩ፤ ተቀምጦ ማደርን እንደ ዕድል መቀበል አያስፈልግም፤ አስምን ለመቆጣጠር በየዕለቱ የሚወሰድ የሚሳብ መድኃኒት አለ። በሚቀጥለው ቀጠሮዎም ልጅዎ ከዩኒቨርሲቲ ተነሥቶ እንዳይመጣ ጎረቤትዎን ይዘው ይሂዱና ማታ ደውለው ሐኪሙ ያለዎትን ይንገሩት።